ፈረስ በዘሩ ብቻ አያሸንፍም

የፈረስ ሐኪም ስልኩን በከፈተ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «የሚያሸንፈው የትኛው ዘር ነው?» ዘር ድርሻ አለው፤ ሁሉ ነገር ግን አይደለም።

አሰልጣኙ ሃሪ ዴ ሌየር እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ቄራ ሊወሰድ የነበረ የእርሻ ፈረስ በ80 ዶላር ገዛ። ስኖውማን የተባለው ይኸው ፈረስ በ1958 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የመሰናክል ዝላይ ሻምፒዮን ሆነ።

ታዲያ ብቃትን የሚወስነው ምንድን ነው?

1. ትንፋሽ፦ ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው። አቧራማ ጋጣና የሻገተ ድርቆሽ ሳንባውን ይጎዱታል።

2. ልብና ጣፊያ፦ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 የሚመታው ልብ በግልቢያ ከ200 ያልፋል። ጣፊያም ያከማቸውን ቀይ የደም ሴል ይለቃል። ልምምዱ ቀስ በቀስ ካልጨመረ ግን ልቡ ቢችለውም ጅማቱ ቀድሞ ይጎዳል።

3. ኮርቻ፦ ከግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው በላብ ርሶ አንድ ቦታ ብቻ ደረቅ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ኮርቻው ሳይጫነው አይቀርም። ጀርባውን ያመመው ፈረስ መሰናክል ፊት ያመነታል።

4. ላብ፦ ከውሃው ጋር ብዙ ጨው ይወጣል፤ ውሃ ብቻ ማጠጣት አይበቃም።

5. ሰኮና፦ በጊዜው ያልተስተካከለ ሰኮና አረማመዱን ያዛባል።

ፈረስ ያላችሁ፣ የምትጋልቡ፣ ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉ። የፈረሱን ዕድሜና የሚሠራውን ሥራ መጥቀስ መልሱን ያቀልላል።