ከስልኩ በፊት የነበረው

ከጫጫ ደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቲክቶክ ያያል። ከአውራ ጣቱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲለው ሁለቴ አልሰማም። ከኋላ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ይኼ ነገር ዐይንህን አያጠፋውም?» አሉት። ፈገግ ብሎ «ሃንድአውቱም እኮ እዚሁ ነው፣ እማማ» አላቸው።

እውነቱን ነው። ሃንድአውቱ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፤ ከቤት የሚላከውም ብር በዚያው ስልክ ይገባል። ጫትን እርግፍ አድርጎ መተው ይቻላል፤ ስልክን ግን ተማሪ ሆኖ መተው ዘበት ነው።

በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ደሴ ይደረሳል። በ2011 ዓ.ም. እዚያ ባለው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙት 85 በመቶው የኢንተርኔት ሱስ አለባቸው ብሏል። ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ቁጥሩን እንዳለ አልውጠውም። መለኪያው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪምበርሊ ያንግ ያዘጋጀችው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ከ100 ይታሰባል፤ መስመሩ ዝቅ ብሎ ከተሰመረ ብዙ ሰው ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች መዝገቡ ያሰፈረው የጌም ሱስን እንጂ የኢንተርኔት ሱስን በጥቅሉ አይደለም።

ይልቅ እኔን የያዘኝ ከሱሱ ጋር አብሮ የተገኘው ነው፤ የአእምሮ ጭንቀት፣ ጫት፣ ጌም። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ የአንድ ጊዜ መጠይቅ አይለይም። ነገር ግን ከያንግ ጥያቄዎች አንዱ፣ ስለ ኑሮህ የሚረብሽህን ሐሳብ በኢንተርኔት ታባርራለህ ወይ የሚል ነው። የሚባረረው ሐሳብ እንግዲህ ከስልኩ በፊት ነበር ማለት ነው።

ደግሞ አለ የሚረብሽ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ያለፈውም ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል። የአማራ ክልል ልጅ ከሆነ በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ፤ መንገድ ሲዘጋ ለበዓል ቤቱ አይገባም። የኢንተርኔት ጥቅሉ በሌሊት ይረክሳልና ይኼን ሁሉ የሚረሳው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ያመለጠው ትምህርት ማታ ሌላ ጭንቀት ይሆናል።

ሱሱ ኔት በማጥፋት የሚድን ቢሆን ኖሮ በ2015 ክረምት ይድን ነበር። ያኔ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘለቀ። ፊልሙ በፍላሽ ከዶርም ዶርም ዞረ። ወላጆቹ እንዴት እንዳደሩ መስማት ያቃተው ልጅ ግን እንቅልፍ ከየት ያመጣል?

ጫጫ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠይቁት።