ዝናብ ሲበዛ ብቅል ለምን ይጠፋል?

በዚህ እትም ስለ ብቅል ላወጋችሁ ነው። የግብርና ተማሪ አይደለሁም፤ ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የአክስቴ ጠላ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ አክስቴ ጠላ ልትጠምቅ ተነሣችና «ሂድ፣ ጌሾና ብቅል ገዝተህ ና» ብላ ወደ ፌርፋክስ ላከችኝ። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ጎዳና ላይ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ጌሾ ሞልቷል፤ ብቅል ግን የለም። አንዱ ባለሱቅ «ዘንድሮ ገብሱ ልክ አልሆነም ይላሉ፤ ዝናቡ ነው» አሉኝ። ነገሩ ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው ዝናብ ሲጠፋ እህል እንደሚጠፋ ነው። ዝናብ በዝቶ ብቅል የሚጠፋው እንዴት ነው?

አክስቴ በዚህ የምትረታ ሴት አይደለችም። «እኔው አበቅለዋለሁ» ብላ ከሱፐርማርኬት ነጭ ገብስ አስገዛችኝ። አገር ቤት እንደምታደርገው አንድ ሌሊት ዘፈዘፈችው፤ ውኃውን አጠንፍፋ በኮባ ቅጠል ፈንታ በፎጣ ጠቅልላ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። ሦስት ቀን ጠበቅን። ጫፉ ነጭ ሥር ማውጣት ሲገባው ቤቱን በሽታ ሞላው። በኋላ ማሸጊያውን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ገብሱ ለሾርባ ተብሎ በማሽን ተፈትጓል፤ ሲፈተግ ልጣጩም ጽንሱም ሄዷል። የሞተ እህል ነው።

የብቅል ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ለገንፎ፣ ለበሶ ወይም ለቆሎ የሚሆን ገብስ ሞተም ዳነ ግድ የለንም። ለብቅል የሚሆነው ግን በሕይወት መኖር አለበት። ዘሩ ውኃ ሲያገኝ «መብቀያዬ ደረሰ» ይልና ለራሱ ስንቅ ያስቀመጠውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል። ጠማቂው ያንን ስንቅ ይቀማዋል፤ ቡቃያው ሳያድግ ያደርቀዋል። ስኳሩን እርሾው ይበላውና ወደ አልኮል ይቀይረዋል።

ፋብሪካም የሚያደርገው እናቶቻችን የሚያደርጉትን ነው። መጀመሪያ ገብሱን ለሁለት ቀን ያህል እያፈራረቀ ይዘፈዝፈዋል፤ 12 በመቶ አካባቢ የነበረው እርጥበት ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ለአራትና አምስት ቀን ያበቅለዋል። በመጨረሻም ሙቀቱን እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ቀስ እያለ ከፍ በሚያደርግ ሞቃት አየር ያደርቀዋል። ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠር ኩንታል አንድ ላይ በአንድ ቀን መብቀል ስላለበት ፋብሪካው በር ላይ ፈተና አለው። ከመቶው ፍሬ ቢያንስ 95ቱ መብቀል አለበት። ፍሬው ወፍራምና እኩል መሆን አለበት፤ ይህም 2.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይለካል። ፕሮቲኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት። ፕሮቲን ሲበዛ ስታርቹ ያንሳል፤ ከአንድ ኩንታል የሚወጣው ቢራ ይቀንሳል፤ ቢራውም ይደፈርሳል።

እንግዲህ ዝናቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአርሲ ደጋ የመኸር ገብስ በአብዛኛው የሚዘራው በሰኔ ነው። ከዚያ በፊት መሬቱ ደጋግሞ መታረስ አለበት። የበልጉ ዝናብ አልቆም ብሎ ከክረምቱ ጋር ሲያያዝ ማሳው ውኃ ይቋጥራል፤ በሬው ይሰምጣል፤ ማረሻው አፈሩን ከመገልበጥ ይልቅ ይለጥፈዋል። ገበሬው በግድ ቢዘራ እንኳ ዘሩ በጭቃ ውስጥ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ማዳበሪያውም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ይጠብቃል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት።

ዘር ሲዘገይ ግን መስከረም አብሮ አይዘገይም። የብቅል ገብስ በደጋ ለመድረስ አራት ወር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዘግይቶ የተዘራው ቀንበጥ የሚያወጣበት ጊዜ ያጥረዋል። ፍሬውን በስታርች በሚሞላበት ወቅት ደግሞ ዝናቡ ወጥቶ መሬቱ ይደርቃል፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭም ይደርስበታል። ፕሮቲኑ ቀደም ብሎ ወደ ፍሬው ይገባል፤ ስታርቹ ግን በግማሽ መንገድ ይቀራል። ፍሬው ይጫጫል፤ ከመቶው የፕሮቲኑ ድርሻ ከፍ ይላል። ይህ ገብስ አይጣልም፤ ይበላል። ብቅል ግን አይሆንም። በአጨዳ ጊዜ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ፤ ፍሬው ገና ዛላው ላይ ሳለ ይበቅላል። አንዴ የበቀለ ዘር ፋብሪካ ውስጥ ዳግም አይበቅልም።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት አንድ የቆየ ነገር ስለከነከነኝ ነው። አጎቴ ከበቆጂ ወጣ ብሎ ገብስ ያርሳል። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በግንቦት ደወለልኝ። ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ለብቅል ገብስ ኮንትራት ገብቷል፤ ለምርጥ ዘርና ለማዳበሪያ ትንሽ ጎድሎታል። «ጋሼ፣ ፈተና ላይ ነኝ፤ ስጨርስ እልካለሁ» አልኩት። «አይዞህ ልጄ፣ ትምህርትህን አስቀድም» አለኝ። ፈተናው አለቀ፤ ከዚያ ሥራ ጀመርኩ፤ ገንዘቡን የላክሁት ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው። በመካከሉ ሰማዩ ለጥቂት ቀናት ጠራ ብሎ ነበር፤ ጎረቤቶቹ በዚያች ቀዳዳ ዘሩ። እሱ ዘሩን ገዝቶ ሲመለስ ዝናቡ እንደገና ገጥሞ ሐምሌ ገባ።

በታኅሣሥ ስደውልለት «ገብሱስ ደርሷል፤ ብቅል ግን አልሆነም አሉ» አለኝ፣ እየሳቀ። ገዢው ናሙናውን ለክቶ መልሶታል። በኮንትራቱ ዋጋ ሊሸጥ ያሰበውን በገበያ ዋጋ ለምግብ ሸጠው። እኔ ያኔ የገባኝ «ትንሽ ዋጋ ቀነሰ» ብቻ ነበር። የዘገየው ዝናቡ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ የአክስቴ ፎጣ ሲሸት ነው።

የአጎቴ ማሳ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቦቹ ሲደመሩ የአገር ጉዳይ ይሆናሉ። ኢትዮጵያ የገብስ አገር ናት፤ አባቶቻችን «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። የቢራ ፋብሪካዎቹ ሲበዙ የአገር ውስጥ ብቅል ሊበቃ አልቻለም፤ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ከአውሮፓ ይገባ ነበር። በኋላ በጎንደር፣ ከዚያም በ2020ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚና በደብረ ብርሃን አዳዲስ ብቅል ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ፋብሪካው ቢተከልም የሚያበቅለው ግን ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ የሚመጣውን ገብስ ነው። ገብሱ ፈተናውን ሲወድቅ ማሽኑ ይቆማል፤ ወይም ዶላር ይፈለጋል።

የውጩም ገበያ ከዝናብ አያመልጥም። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ በ2022 ጸደይ በረዶና ዝናብ ማሳውን አጥግቦት ዘር በጣም ዘግይቶ ነበር። በእንግሊዝ እስከ ማርች 2024 ድረስ ያሉት 18 ወራት ከ1836 ወዲህ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝናባሞቹ ስለነበሩ የጸደይ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ትራክተራቸውን አቁመው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከርመዋል። እዚያ ግን ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ ሁለት ደረቅ ቀን ከተገኘ ሰፊ መሬት ይዘራል። በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርስ ሰው ያችን ቀዳዳ ካመለጠችው ሌላ የለውም።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይ መደብ ከፍ አድርጎ በመካከሉ ማንጣፈፊያ ቦይ ማውጣት ይረዳል። እንደ ሆለታና ቁሉምሳ ያሉ የምርምር ማዕከላት ለየአካባቢው የሚስማሙ የብቅል ገብስ ዝርያዎችን ሲሠሩ ቆይተዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዘርና ማዳበሪያ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ገበሬው ቤት መድረስ አለበት፤ ሰማዩ ሲጠራ ያኔውኑ እንዲዘራ።

እኛ ፌርፋክስ ላይ ቁጭ ብለን ዝናቡን ልናቆም አንችልም። ነገር ግን ብዙዎቻችን አገር ቤት የሚያርስ ዘመድ አለን፤ የምንልከውም ሲመቸን ነው፤ ለመስከረም፣ ለገና፣ ለፋሲካ። የገበሬው ቀን መቁጠሪያ ሌላ ነው። ያው 200 ዶላር በግንቦት ሲደርስ ዘር ነው፤ በሐምሌ ሲደርስ ማጽናኛ ነው። እኔ አሁን ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቻለሁ፦ ሚያዝያ 20፣ ለጋሼ።

አክስቴም ብቅሏን በመጨረሻ አገኘች፤ ከሳን ዲዬጎ አንዲት ወዳጇ ላከችላት። ጠላው ለዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ቸር ይግጠመን።