ከመተኛታችን በፊት ፍሙን እናውጣ

ክረምቱ ሲበርድ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ በብዙ ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ያድራል። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላል። ሆኖም የፋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ፍሙን አመድ ማልበስም ሆነ መስኮት ገርበብ ማድረግ አያስተማምንም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳት በቤታችን እንዳንተው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት የምድጃውንም የቡኹሩንም ፍም ወደ ውጭ እናውጣ።

የቤቱን ሰው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመረው በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይገባል። ለአምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939 ይደወላል።