በቢላዋ ስለት ላይ የሚታየው ነጭ ጥለት

በጃፓን አገር በእጅ የተሠራ ጎራዴ ወይም ከፍ ያለ ዋጋ ያለው የወጥ ቤት ቢላዋ ወደ ብርሃን ዘንበል ተደርጎ ሲታይ፣ ከስለቱ ጥቂት ከፍ ብሎ በማለዳ ሸለቆ ውስጥ እንደሚተኛ ጉም የመሰለ ነጭ መስመር ይታያል። ጃፓኖች ይህን መስመር «ሃሞን» ይሉታል፤ «ሃ» ስለት፣ «ሞን» ደግሞ ጥለት ማለት ነው። አንዳንዱ ቀጥ ያለ ሲሆን ሌላው እንደ ሞገድ ይወዛወዛል። ለጌጥ የተሣለ የሚመስላቸው ገዥዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ሃሞን ጠንካራው የስለት ብረትና ለዘብ ያለው የጀርባ ብረት የሚገናኙበት ድንበር ነው። ሠራተኛው መስመሩን ገልጦ ያሳያል እንጂ በውልወላ አይፈጥረውም።

ለጎራዴ የሚሆነው አረብ ብረት ምንጩ ገጠር ነው። በምዕራብ ጃፓን በሺማኔ አውራጃ በምትገኘው በኦኩኢዙሞ የሚኖሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ኮረብታውን እየቆረጡ፣ አፈሩን በውኃ እያጠቡ ብረት አዘል አሸዋ ያወጡ ነበር። አሸዋው ከወጣ በኋላ የተቆረጠው ኮረብታ ባዶውን አልቀረም፤ እርከን እየሆነ ሩዝ ተዘርቶበታል። የአካባቢው ሩዝ ዛሬም ስመ ጥር ነው። አሸዋውን በከሰል የሚያቀልጠው ባህላዊ ምድጃ «ታታራ» ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ተቋርጦ ቆይቶ በ1977 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ተጀምሯል። ምድጃው አንድ ጊዜ ከተለኮሰ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያቋርጥ ይነዳል፤ 10 ቶን ያህል አሸዋና 12 ቶን ያህል ከሰል ይበላል። ከዚህ የሚገኘው ብረት የሚታደለው ፈቃድ ላላቸው ጎራዴ ሠሪዎች ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ የሚሠሩት ቀጥቃጮች ግን በአብዛኛው የሚጠቀሙት ፋብሪካ ያወጣውን ካርቦኑ የበዛ አረብ ብረት ነው።

ቢላዋው ተቀጥቅጦ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ከሸክላ አፈር፣ ከከሰል ዱቄትና ከመሳያ ድንጋይ ብናኝ የተቦካ ጭቃ ይቀባል። በጀርባው በኩል ወፈር፣ በስለቱ በኩል ሳሳ ተደርጎ ነው። ከዚያ እስከ 750 ወይም 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል። በዚህ ሰዓት ብዙዎቹ ቀጥቃጮች የፍሙን ቀለም በዓይናቸው ለመለየት ሲሉ ቤቱን ያጨልማሉ። የጋለው ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር ስስ ጭቃ የተቀባው ስለት በቅጽበት ቀዝቅዞ እጅግ ይጠነክራል። ወፍራም ጭቃ የለበሰው ጀርባ ግን ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለዘብ ይላል፤ ቢመታም ቶሎ አይሰበርም።

የቀጥቃጩ ልብ የሚሰቀለው እዚህ ላይ ነው። ቀናት የፈጀ ሥራ በአንዲት «ጭው» በምትል ድምፅ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ስለት ደግሞ አይጠገንም። ሳይሰነጠቅ ቢተርፍም ጭቃው ተልጦ ወይም ሙቀቱ አንሶ እንደሆነ ወዲያው አይታወቅም፤ ምላሹ የሚገኘው ከውልወላው በኋላ ነው። ስለዚህ ቢላዋው በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና ተሞቆ ግትርነቱ በመጠኑ ከተቀነሰለት በኋላ ረጅሙ የውልወላ ሥራ ይጀመራል።

ውልወላው ከሻካራ ወደ ለስላሳ የሚሄድ ነው። አንዳንዱ የውኃ ድንጋይ፣ ሌላው የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀማል፤ ከቁጥር 220 ተነስቶ እስከ 2000 ይደርሳል። በየደረጃው አቅጣጫውን መለወጥ ጠቃሚ ነው፤ ያለፈው ደረጃ ጭረት ተሻግሮ ስለሚታይ እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ችኩል ሠራተኛ እዚህ ላይ ይቀጣል፤ የቀረች አንዲት ጭረት አሲዱ ሲነካት አፍ አውጥታ ትናገራለች። በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ መቸኮል የባሰ ጉዳት አለው። ስስ የሆነው ስለት ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬው ጠፍቷል ማለት ነው።

ብረቱ እንደ መስተዋት ከጠራ በኋላ መስመሩ በመጠኑ ይታያል። አጉልቶ ለማውጣት የዘመኑ ቢላዋ ሠሪዎች በብዙ ውኃ የቀጠነ ፌሪክ ክሎራይድ ይጠቀማሉ፤ የሞቀ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂም ቀስ ብሎ ይሠራል። አስቀድሞ ብረቱ በሳሙና ታጥቦ የጣት ቅባት እንኳ እንዳይቀርበት ይደረጋል፤ ቅባት ባለበት ቦታ አሲዱ አይዝም። ከዚያ ቢላዋው ለጥቂት ሰኮንዶች ይነከራል፣ ይታጠባል፣ የሸፈነው ጥቁረት በለስላሳ ዱቄት ይጠረጋል፣ እንደገና ይነከራል። ጠንካራውና ለዘብ ያለው ክፍል ለአሲዱ አንድ ዓይነት መልስ ስለማይሰጡ ድንበራቸው ከዙር ወደ ዙር እየጎላ ይሄዳል። አሲዱን ብዙ ማቆየት ብረቱን ይበላዋል እንጂ መስመሩን አያሳምረውም። በመጨረሻ የቤኪንግ ሶዳ ውኃ አሲዱን ያበርደዋል፤ ብረቱም ደርቆ ዘይት ይቀባል። ዕቃው የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ፣ እጅም ጓንት የለበሰ መሆን አለበት።

የጎራዴ ወልዋዮች ግን በአሲድ አይስማሙም። ወረቀት ላይ የተለጠፈ ስስ የድንጋይ ቅጠል በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ፣ ሳምንታት ወስደው መስመሩን ያወጡታል። ሥራው አድካሚና ውድ ነው። ሆኖም ለዓይን የሚሰጠውን ጥራት አሲድ አይደርስበትም፤ በጉሙ ውስጥ እንደ ውርጭ የሚያበሩት ጥቃቅን ነጥቦች የሚለዩት በዚህ ዓይነቱ ውልወላ ነው።

በገበያ ላይ የሐሰት ሃሞን መኖሩንም ገዥ ቢያውቅ ይጠቀማል። በማይዝግ ብረት ላይ በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተጻፈ ሞገድ እንደ እውነተኛው ሆኖ ይሸጣል። መለያው አያስቸግርም፤ ሐሰተኛው በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይጠፋል፣ ዳግመኛም አይመለስም። እውነተኛውም ሲታሽ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን ተወልውሎ አሲድ ሲነካው በዚያው ቦታው ተመልሶ ይወጣል። ይህን በሱቅ ውስጥ መሞከር እንደማይቻል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሻጩን ቢላዋው ከምን ዓይነት ብረት እንደተሠራና በጭቃ ተቀብቶ ውኃ ገብቶ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል።

እውነተኛውን የገዛ ሰው ደግሞ ሽንኩርት ከከተፈ በኋላ ወዲያው አጥቦ ያድርቀው፤ ይህ ብረት ዝገት ይወዳል። ሲደንዝ በውኃ ድንጋይ ብቻ ይሳል። በሳለው ቁጥር ከጠንካራው ክፍል ጥቂት ይቀንሳል፤ ከብዙ ዓመታት መሳል በኋላ ጥለቱ ወደ ስለቱ ጫፍ እየተጠጋ መምጣቱን በዓይኑ ያያል።