ፍላሽ ላይ ሴቭ ያልነው የት ይደርሳል?

ወልቂጤ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ አያጣም። ጉብርዬ ካለው ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የመጣ ተማሪ እርማቱን አስገብቶ ሴቭ ከማለቱ መብራት ይሄዳል። ሲመለስ የፋይሉ ስም አለ፤ መጠኑ ግን 0 ኪሎባይት ነው። አንዳንዴም ፍላሹ ጭራሽ ፎርማት አድርጉኝ ይላል።

«ቫይረስ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ኮምፒውተሩ ለፍጥነት ሲል የምንጽፈውን መጀመሪያ ራም ላይ ሊያቆየው ይችላል። ሊኑክስ ላይ ይህ ቆይታ 30 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። መብራት ሲሄድ ራም ላይ ያለው አብሮ ይጠፋል።

ደግሞም ፋይል ማስቀመጥ አንድ ሥራ አይደለም። ይዘቱ ይጻፋል፣ የተያዘው ቦታ በሰንጠረዥ ይመዘገባል፣ ስሙና መጠኑ በማውጫ ይሰፍራል። መሐል ላይ ሲቋረጥ ሦስቱ አይገናኙም። 0 ኪሎባይቱም የዚህ ውጤት ነው፤ ስሙ ሰፍሯል፣ መጠኑን ማስተካከሉ ግን አልተደረሰበትም።

የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ለውጡን አስቀድመው ጆርናል ላይ ይይዛሉ፤ ሒሳቡን ወደ ዋናው መዝገብ ከማስገባቱ በፊት በብጣሽ ወረቀት እንደሚጽፍ ባለሱቅ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያንን አይቶ ማውጫውን ያስተካክላል። (ከራም ያልወረደውን ጽሑፍ ግን ጆርናልም አይመልሰውም።) ፍላሾች በብዛት የሚመጡባቸው ፋት32 እና ኤክስፋት ይህ የላቸውም።

ጆርናል በሌለበት የሚያድነው ቅደም ተከተል ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራም አዲሱን ጽሑፍ በሌላ ስም ይጽፋል፣ ዲስክ ላይ መውረዱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሮጌውን በእሱ ይተካል። እኛም በእጃችን ይህንኑ ማድረግ እንችላለን፦ ኮምፒውተሩ ላይ ሠርቶ ሲያልቅ በአዲስ ስም ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ ኢጀክት ማለት፣ አሮጌውን የማጥፋቱን ነገር ለኋላ መተው። ዊንዶውስ 10 ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ፍላሽ የሚጻፈውን ራም ላይ ማቆየቱን በነባሪ ቅንብሩ ትቷል፤ ግልበጣው ሳያልቅ መብራት ቢሄድ ግን ይህም አያድንም። ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ያለበትን ቤት መምረጥ ይሻላል።

ከተበላሸ በኋላ ፎርማት የሚለውን እሺ አትበሉት፤ ሌላ ነገርም አትጻፉበት። መጀመሪያ ሊነበብ የሚችለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ መጠገኛ ከዚያ በኋላ ይሠራል፤ ባለቤት ያጣውን ክፍል እየሰበሰበ «ፋውንድ» በሚል ድብቅ ፎልደር በቁጥር ያስቀምጠዋል፣ የትኛው የእናንተ ምዕራፍ እንደሆነ ግን አንድ በአንድ እየከፈቱ መፈለግ ነው።