ውቅያኖስ ምን ያህል ይጮኻል?

በ2015 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ተመራማሪዎች በፓስፊክ ውቅያኖስ ማሪያና ስምጥ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጥልቀት ላይ፣ በታይታኒየም የታሸገ ማዳመጫ አወረዱ። እዚያ ታች የሚጠበቀው ጸጥታ ነበር። በ23 ቀን የተቀዳው ግን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የዓሣ ነባሪ ድምፅ፣ ከላይ ያለፈ አውሎ ነፋስ፣ የመርከብ ፕሮፔለርም ጭምር ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በባሕር ውሃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። በተለይ ወፍራም ድምፅ ቶሎ ስለማይደክም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል።

ማዳመጫው ሃይድሮፎን ይባላል። ውስጡ ያለው ሴራሚክ የድምፅ ግፊት ሲያርፍበት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እሱ ተቀድቶ በዴሲቤል ይሰላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአየሩ ዴሲቤል መነሻ 20 ማይክሮፓስካል፣ የውሃው ግን 1 ማይክሮፓስካል ነው። ሁለቱን ማወዳደር አንዱ በብር፣ ሌላው በዶላር የተጻፈን ዋጋ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ውድና ርካሽ እንደማለት ነው።

የተቀዳው ድብልቅ የሚለየው በኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በሚደረገው የንዝረት ብዛት ነው። የድምፅ ተመራማሪው ጎርደን ዌንዝ በ1962 ያሳተመው ግራፍ ለዚህ ዛሬም ይጠቅማል። ከአሥር እስከ ጥቂት መቶ ኸርዝ ባለው ክልል የሩቅ መርከቦች ድምፅ ያይላል፤ ከዚያ በላይ ነፋስ የሚያስነሳው ሞገድና አረፋ። ካፊያ ደግሞ 15,000 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል። የሚጮኸው ጠብታው ራሱ ሳይሆን፣ ውሃውን ሲመታ ከሥሩ የሚቋጥረው የአየር አረፋ ነው።

ሃይድሮፎን የሚነግረን ግን ስለተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ለሌላው ባሕር ሞዴል ይሠራል። መርከቦች በሬዲዮ የሚያስታውቁት መገኛና ፍጥነት፣ የነፋሱ ኃይል፣ የውሃው ሙቀት፣ ጨዋማነትና ጥልቀት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የባሕሩ ወለልም ይቆጠራል፤ ጭቃ ድምፅን ይውጣል፣ ድንጋይ ይመልሳል። ከዚያ ከየመርከቡ የተነሳው ድምፅ የት ቦታ ምን ያህል እንደሚቀር ተሰልቶ ካርታ ይወጣል። መገኛቸውን የማያስታውቁ ትናንሽ ጀልባዎች ከስሌቱ ስለሚያመልጡ፣ በሃይድሮፎን ያልተፈተሸ ካርታ ቀለሙ ቢያምርም ግምት ነው።

በካሊፎርኒያ ሳን ኒኮላስ ደሴት አጠገብ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 2004 ባለው ጊዜ ከ30 እስከ 50 ኸርዝ ያለው ድምፅ ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ጨምሯል። 10 ዴሲቤል ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ነው። የተገላቢጦሹ በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ታይቷል። ከመስከረም 2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ የመርከብ ምልልስ ሲቀንስ ጫጫታው በ6 ዴሲቤል ወረደ፤ ራይት ዌል በሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች እዳሪ ውስጥ የሚለካው የጭንቀት ሆርሞንም አብሮ ወረደ።

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መርከቦች ድምፃቸውን እንዲቀንሱ መመሪያ ያወጣው በ2014 ሲሆን በ2023 አሻሽሎታል። መመሪያው ግን አስገዳጅ አይደለም።