የወሎ ኦፓል በዴንቨር ገበያ

በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ላይ ተጫዋቾች በከበሩ ድንጋዮች አስማት ይሠራሉ። ኦፓልም ከነዚሁ አንዱ ነው። የእውነተኛው ኦፓል ምሥጢር ግን አስማት ሳይሆን አደራደር ነው። ድንጋዩ በዓይን በማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች የተሞላ ነው። እንክብሎቹ እኩል ሆነው በረድፍ ሲደረደሩ ብርሃኑን ከፋፍለው ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ያወጡታል። ከተዘበራረቁ ያ ኅብረ ቀለም አይታይም።

በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን በዴንቨር በሚደረገው የከበሩ ድንጋዮች ትርኢት ላይ የወሎ ኦፓልም ይሸጣል። በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ አንባቢያን፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲርስ ቀለሙ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። እሳት ዳር ካደረቃችሁት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይት፣ ሳሙናና ሽቶም ሊያበላሹት ስለሚችሉ ወጥ ስትሠሩና ዕቃ ስታጥቡ ቀለበቱን አውልቁ።

ይህ ድንጋይ በ2008 እ.ኤ.አ. ደላንታ ውስጥ በወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የአገሩ ወጣቶች ገደሉን በእጅ እየፈለፈሉ ያወጡታል። በፌብሩዋሪ 2024 ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ ታፍነዋል። ዋጋ ስትከራከሩ ይህንንም አስቡ።